ይታይሽን ለማምጣት ድምፅ ሳስረዝም

እኛ አገር ሰው ድምፁን የሚያስረዝመው ወይ ማዶ ያለ ሰው ሲጣራ ነው፣ ወይ ሲለምን ነው። ለተራ ወሬ ማንም ትንፋሹን አያባክንም። ደባርቅ ደግሞ ብርዱ እንኳን አስረዝሞ አሳጥሮም ለመናገር አፍ አያስከፍት። ቆላ ያላችሁ አንባቢዎች ይቺ ላትገባችሁ ትችላለች፤ አንድ ጧት መጥታችሁ ሞክሯት።

ፋርሶች ግን እንደኛ አይደሉም። እነሱ ዳቦ ለመግዛትም ያስረዝማሉ። ሦስት ረጃጅም ድምፆች አሏቸው፤ ኣ፣ ኢ፣ ኡ። ሲጽፏቸው አንዷ እንደ ዱላ ቀጥ ትላለች፣ አንዷ ጭንቅላቷ ከብዷት ትጎብጣለች፣ አንዷ ደግሞ ሥራ እንዳጣ ሰው እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። አጫጭሮቹን ግን አይጽፏቸውም! አንባቢው ራሱ ያውቃቸዋል ብለው ይዘሏቸዋል። መጀመሪያ ስሰማ ገርሞኝ ነበር፤ የእኛ ፊደል እኮ ለትንሿም ድምፅ እግር ወይ ቀለበት አይነፍጋትም። በኋላ ሳስበው ግን አዲስ አልሆነብኝም። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ብዙ ያልቆየ እንደማይጻፍ አውቃለሁ።

ድንጋይና ሲሚንቶ ጫኝ ምን ቆርጦት ፋርስኛ ይማራል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ዱባይ ውስጥ አንድ የፋርስ ቤተሰብ ቤት ትሠራ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ባልና ሚስት። ባልቴቷ ድሮ አስተማሪ ስለነበሩ ዝም ብሎ መቀመጡ አልሆንላቸው ብሎ ይታይሽን ማንበብ አስተማሯት። ሰውየው ከአልጋ አይነሱም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ይታይሽ ወገቧ እስኪቆረጥ ታነሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ከዚያ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች። ደከማት። እናታችን እምዬም "ልጄን ሳላያት ልሞት ነው" ማለት አበዛች። ስለዚህ ተመካከርን፤ እኔ ሄጄ ቦታዋን ልይዝ፣ እሷ አገሯ ልትገባ። ሥራው ሁለት ነው፣ ማንሳትና ማንበብ። ማንሳቱን ደባርቅ አስተምራኛለች። የቀረው ማንበቡ ነው።

ኔትወርክ ሲገኝ ይታይሽ የፊደሉን ፎቶ ትልክልኛለች፣ ድምፅዋንም ቀድታ ትልካለች። ፊደሉን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ሊማሊሞን ስንወርድ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ "ናኣኣን" እያልኩ እለማመዳለሁ፤ ዳቦ ማለት ነው። ሊማሊሞ ለኣ ይመቻል። ገደሉን ስታይ አፍህ ራሱ ይከፈታል።

አብሮኝ የሚጭነው ጌታሁን ግን አልማረኝም። "ምነው፣ ሐኪም አፍህን ክፈት ያለው ሰው መሰልክ?" ይለኛል።

"ቋንቋ ነው።"

"ቋንቋማ ቢሆን ያልቅ ነበር። አንተ እኮ አንዷን ቃል ደባርቅ ጀምረህ ዛሪማ ነው የምትጨርሳት!"

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እምዬ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጠናለች። ታዳምጠናለች የምለው የይታይሽን ድምፅ ስለማስቀድም ነው፤ እሷ ትላለች፣ እኔ እከተላለሁ። "ኣብ" ስንል እምዬ ታማትባለች። ውሃ ማለት እኮ ነው ብላት "ቢሆንም አይጎዳም" ትላለች። ከሁሉ የከበደኝ "ቢማሬስታን" የሚሉት ነው፤ ሆስፒታል ማለት ነው። ለአንድ ቃል ሦስት ቦታ ማስረዘም! "ይህችን ከቻልክ መጣሁ በለኝ" ብላኝ ነበር ይታይሽ።

ቻልኳት። በቻልኳት ሰሞን አንድ ቀን ድንጋይ እያራገፍን ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የይታይሽ ነው፤ ድምፁ ግን የባልቴቷ። ያለቅሳሉ። ከሚሉት ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ለቀምኩ፤ ቢማሬስታን። እንዴት አሳምረው እንዳስረዘሟት! ታዘቡኝ እንጂ፣ ያን ሰዓት እንኳ አነጋገራቸውን ነበር የማጠናው። ከዚያ ስልኩን ለአንዲት የዳባት ልጅ ሰጧት፣ የይታይሽ ጓደኛ ናት። "አይዞህ ወንድሜ" አለችኝ። የማታውቅህ ሴት ከሰው አገር ደውላ አይዞህ ካለችህ የቀረውን አትጠይቅም። እሷ ግን ነገረችኝ። ድንገተኛ ሕመም ነው። አስከሬኗ የሚመጣበትም ቀን ገና አልታወቀም።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ቀስ አድርጎ መናገር የሚያውቅ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል። በእኛ ዘመድ ይህን የሚችሉት የእምዬ ወንድም አያ ውበቱ ናቸው፤ ያሉት ጃናሞራ ነው። ላክሁባቸው። ቅዳሜ ጧት እንደርሳለን አሉ። እስከ ቅዳሜ እኔ ምንም ያልሰማ ሰው መሆን አለብኝ።

ምንም ያልሰማ ሰው ደግሞ ትምህርቱን አያቋርጥም። አመሻሽ ላይ የሲሚንቶ ወረቀቴን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። "ናን" አልኩ። ኣዋ አልረዝም አለችኝ፤ ትንፋሼ መሃል ላይ ይቆረጣል።

"የእህትህን አታስቀድምም?" አለች እምዬ።

"ስልኩ ቻርጅ የለውም።"

አፌን ሳልዘጋ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ጌታሁን ነው፤ ነገ ሲሚንቶ አለ ሊለኝ። ያ ስልክ እንደዚያ ቀን ረጅም ጊዜ ጮኾ አያውቅም። እምዬ ቀና አላለችም። እንዝርቷን አሽከረከረች።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ አልጋው ወደ ጓዳ ገብቷል፣ ጆንያው ሁሉ ጥግ ተደርድሯል፣ ወለሉ ለብዙ ሰው እንዲበቃ ተጠርጎ ባዶውን ቀርቷል። ያሉን ጀሪካኖች በሙሉ ውሃ ተሞልተዋል። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ሰዎቹን ለመቼ ቀጠርካቸው?" አለችኝ።

"የምን ሰዎች?"

"የሚነግሩኝን።"

ላስተባብል አፌን ከፈትኩ። "ለቅዳሜ" አልኳት።

"ውበቱ ይመጣል?"

"ይመጣሉ።"

"ታዲያ ሰማች ብለህ እንዳትነግረው። ሽማግሌ ነው፤ ያን ሁሉ ዳገት በከንቱ አይውጣው።" ይህን ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ጎረቤት ይሰማላ! እስከ ቅዳሜ እናቴ ለልጇ ማልቀስ አትችልም። "በል ስልክህን አውጣ" አለችኝ፣ "ድምፅዋን ክፈትልኝ።"

ከፈትኩላት። ይታይሽ ቃሉን ትልና እኔ እንድደግም ትንሽ ዝም ትላለች። ያን ቀን መድገም አልቻልኩም። ዝምታው ሊያልፍ ሲል እምዬ "ቢማሬስታን" አለች፣ ሦስቱንም ቦታ አስረዝማ።

"ጎበዝ!" አለች ይታይሽ ከስልኩ ውስጥ። "አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ።"

እምዬ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። "እንደገና" አለችኝ። እስከ ቅዳሜ፣ አመሻሽ በመጣ ቁጥር፣ እንደገና።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አያ ውበቱ ዘመዱን አስከትለው ገቡ። እምዬ "ምነው በዚህ ሰዓት፣ ደኅና አይደላችሁም እንዴ?" ብላ ተነሳች። አያ ውበቱ ከሩቅ ጀመሩ፤ ከዝናቡ፣ ከገብሱ፣ ይታይሽ ሕፃን ሳለች ከታመመችው ሕመም። እያዋዙ፣ እያረፉ ደረሱበት። ያን ጊዜ እምዬ ጮኸች። መንደሩ በሙሉ ወጣ። ጩኸቱ ስንት ቀን ታፍኖ እንደቆየ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አያ ውበቱ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ያነሱታል። "ብዙ መርዶ ተናግሬአለሁ" ይላሉ፣ "ለእህቴ እንደነገርኳት አድርጌ የተናገርኩት ግን የለም። አንዳች ሳትጠረጥር ነው የደረስኩባት።"

"እውነትህን ነው ወንድሜ" ትላቸዋለች እምዬ። "እንዳንተ የሚያውቅበት የለም።"

እኔ ጠላ እቀዳላቸዋለሁ።