ሰማንያ ዲግሪ

(የፊንላንድ ገጠር፣ የገና ዋዜማ። ጡረታ የወጣው የፊዚክስ መምህር ኦስሞ እና የሚስቱ ወንድም ዓሣ አጥማጁ ቬይኮ ራቁታቸውን ሳውና (በእንጨት ምድጃ የሚሞቅ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት) ውስጥ ተቀምጠዋል። ውርርድ ይዘዋል፦ ሙቀቱ በዝቶበት ቀድሞ የወጣ የውሃ መርጫውን ጭልፋ ለሌላው ያስረክባል። ጭልፋው የቬይኮ አባት ንብረት ነበር፤ አሁን ግን ኦስሞ እጅ ነው።)

ቬይኮ፦ እኔ እኮ አልሞቀኝም አልኩህ!

ኦስሞ፦ አንተን ማን ጠየቀህ? ሙቀት የሞለኪውል ጉዳይ ነው።

ቬይኮ፦ የማን?

ኦስሞ፦ የሞለኪውል! በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች። እንዲሁ ይራወጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ መድረሻቸውን አያውቁም።

ቬይኮ፦ የማዘጋጃ ቤታችን ስብሰባ በለኛ!

ኦስሞ፦ (ተናዶ) ሩጫቸው በበረታ ቁጥር ነገሩ ይሞቃል። ሙቀት ማለት እንቅስቃሴ ነው! ገባህ?

ቬይኮ፦ ገብቶኛል። ግን ሩጡ ያላቸው ማነው?

ኦስሞ፦ ማንም!

ቬይኮ፦ ታዲያ ምን አስሮጣቸው?

ኦስሞ፦ ወይ ፈጣሪዬ! እስቲ ቴርሞሜትሩን አንብብልኝ፤ መነጽሬን ውጭ ትቼዋለሁ።

ቬይኮ፦ ስምንት።

ኦስሞ፦ ሰማንያ በል! ዜሮዋን የት ዋጥካት?

ቬይኮ፦ ኧረ እኔ ዜሮ አላየሁም...

ኦስሞ፦ ፀጉሬ እስኪሸብት ያስተማርኩትን እኔን ልታስተምረኝ ነው? ሰማንያ ነው!

ቬይኮ፦ እሺ የኔታ።

(ኦስሞ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።)

ቬይኮ፦ ምነው ተንቀጠቀጥክ?

ኦስሞ፦ እ-እኔ? አ-አልተንቀጠቀጥኩም!

ቬይኮ፦ እንቅስቃሴ ሙቀት ነው አላልክም? እንግዲያው እዚህ ቤት እንዳንተ የሞቀው የለም!

ኦስሞ፦ የሞ-ሞለኪውሉ እንጂ የ-የሰውየው አይደለም! ቆይ እ-እንፋሎት ልጨምር።

(በጭልፋው ውሃ ምድጃው ላይ በተደረደረው ድንጋይ ላይ ይረጫል። ድንጋዩ ጭጭ፤ እንፋሎትም የለም።)

ቬይኮ፦ ሞለኪውሎቹ ተኝተው ይሆን?

ኦስሞ፦ በ-በቃኝ! (ጭልፋውን ጥሎ፣ በሩን በርግዶ ይወጣል። ከውጭ ይጮሃል።) ይሄን ምድጃ ማነው ያቀጣጠለው?

ቬይኮ፦ ማንም! ተራው ያንተ ነበር። ጠዋት አቀጣጥል ብልህ፣ "መጀመሪያ ሙቀት ምን እንደሆነ ላስረዳህ" ብለህ ጀመርክ። ይኸው እስካሁን አልጨረስክም።

ኦስሞ፦ ታዲያ አትነግረኝም ነበር?

ቬይኮ፦ ስምንት አልኩህ እኮ! ዜሮዋን የጨመርካት አንተ።

ኦስሞ፦ አንተስ እንዴት አልበረደህም?

ቬይኮ፦ እኔማ ክረምቱን ሙሉ የሐይቁን በረዶ በስቼ፣ ቁጭ ብዬ ዓሣ ስጠብቅ ነው የምከርመው። (የአባቱን ጭልፋ አንስቶ ይስመዋል።) በል እንጨትህን ይዘህ ግባ። አንተ ታቀጣጥላለህ፣ እኔ እረጫለሁ።