ሰማንያ ሦስት ዓይነት ሳሙና

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብሎ የተረተው ሰው የውጭ ግምገማን ጥቅም ሳይረዳ ያለፈ ምስኪን ነው። ወጥ መማሰል ያለበት በባለቤቱ ሳይሆን ከሩቅ በመጣ፣ ባልራበውና ማማሰያ ጨብጦ በማያውቅ ገለልተኛ ሰው እንደሆነ ዛሬ የሠለጠነው ዓለም ሁሉ ተስማምቶበታል። እኔም ይህን ጥበብ ኔዘርላንድስ ድረስ ሄጄ አራት ዓመት ተማርኩት። ከዚያ ወደተወለድኩባት የሰሜን ምዕራብ ቡልጋሪያ ትንሽ ከተማ ተመልሼ በሕትመት ሙያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የጥራት አስተባባሪ ሆኛለሁ። ጥራቱን ገና አላገኘሁትም፤ ማስተባበሩን ግን ለአንድ ቀንም አላቋረጥኩም።

ትምህርት ቤታችን ልጆችን ለሥራ የሚያበቃ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የመጣው የመጀመሪያው የግምገማ ቡድን የአስተያየት መስጫ ሣጥን እንድንሰቅል መክሮን ሰቀልን። በዓመቱ ሣጥኑ ሲከፈት አሥራ አራት አስተያየት ተገኘበት፤ አሥራ አራቱም የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር አይዘጋም የሚሉ ነበሩ። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሞ ሃያ ገጽ ሪፖርት አቀረበ። በሩ አሁንም አይዘጋም፤ ስለ በሩ ያለን ግንዛቤ ግን በእጅጉ አድጓል።

ቀጥሎ ሁለተኛው ቡድን እንደሚመጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። «ከሥራ ገበያ ጋር ያለ ትስስር» በሚለው መመዘኛ ከአርባ ነጥብ ሃያ አራት ካላመጣን የማተሚያ ወርክሾፑ ይዘጋል፤ ማሽኖቹ ይነሣሉ፤ ተማሪዎቹ ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ፤ የወርክሾፑ መምህር፣ ሁላችንም «ማይስቶር» (ባለሙያው) የምንላቸው ጻንኮም ይሰናበታሉ። ማይስቶር ጻንኮ ከእነዚያ ማሽኖች ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ደብዳቤው ሲነበብ ቀለም የነካውን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ታዲያ ኢስክራ የት ልትጨርስ ነው?»

ኢስክራ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ማይስቶር ጻንኮ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ «ይህችስ ከእኔ ትበልጣለች» ያሉላት ብቸኛ ልጅ።

እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ምስጢር ላወጣ ነው፦ ወርክሾፓችን ሥራ ነበረው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ ያለበት፣ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነ የሐዘን ወረቀት ታትሞ በቤቱ በር፣ በመብራት ምሰሶ፣ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአርባው ሌላ ይታተማል፤ በስድስት ወሩ ሌላ፤ ከዚያም በየሙት ዓመቱ። ወጣቱ ተጠራርጎ ጀርመን በገባባት፣ ዘጠኝ ሺህ ሰው በቀረባት ከተማ ከዚህ የጸና ገበያ የለም። ሐዘንተኛው ሁሉ ወደ እኛ ወርክሾፕ ይመጣ ነበር። ኢስክራ ባሏ ከሞተባት ሴት ጎን ቁጭ ብላ «ምን ይወዱ ነበር?» ትላለች፤ ከመታወቂያ ላይ የተነሣውን ኮስታራ ፎቶ አጽድታ አጽድታ የሚያውቁትን ሰው ታስመስለዋለች። ሐዘንተኛ የፊደል ግድፈት ይቅር ስለማይል ልጆቹ ፊደል አይገድፉም። ይህን ሁሉ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ከራስ ግምገማ ሪፖርታችን ግን በጥንቃቄ አውጥተነዋል፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ሮሲትሳ መምህራኑን ሰበሰቡ።

«እንግዲህ ከዋና ከተማ ለመጡ ሰዎች የምንሠራው ለሟች ነው ልንላቸው ነው?»

«ለሟች ምን ያደርግለታል? የምንሠራው ለቋሚ ነው እንጂ» አሉ ማይስቶር ጻንኮ።

«ማይስቶር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሥራ ገበያ ማለት ወደ ፊት የሚያይ ነው። የእርስዎ ደንበኞች ወደ ፊት ምን ያያሉ?»

«አርባቸውን፤ ከዚያ ስድስት ወራቸውን፤ ከዚያ…»

«ይበቃል!»

በዚያው ቀን የማሻሻያ ስልታዊ ዕቅድ ጸደቀ። ግምገማው ስድስት ቀን ሲቀረው የሐዘን ወረቀት ማተም ይቆማል፤ ከአውቶቡስ ጣቢያ እስከ ትምህርት ቤቱ የተለጠፈው ሁሉ ተፍቆ ይነሣል። በምትኩ ወርክሾፑ ዘመናዊ ምርት ያትማል፦ የጽጌረዳ ሳሙና መለያ።

«ሳሙናውን ማነው የሚሠራው?» አለች ኢስክራ።

«የሥራ ፈጠራ ክበባችን» አሉ ወይዘሮ ሮሲትሳ።

«ክበቡ እነማን ናቸው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ እኮ ሳሙና ሠርቼ አላውቅም፣ ወይዘሮ ዳይሬክተር።»

«መለያው ካለ፣ የኔ ልጅ፣ ሳሙናው ዝርዝር ጉዳይ ነው።»

መለያው አማረ። ማይስቶር ጻንኮ የማይረባ ሥራ እንኳ አበላሽተው መሥራት አይችሉበትም። ስም፣ ይዘት፣ አጠቃቀም፣ የተመረተበት ቀን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፤ ደንቡ የሚጠይቀው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ቦታዎቹ ባዶ ናቸው እንጂ ሌላ እንከን አልነበረባቸውም።

ግድግዳዎቹ ከጸዱ በአራተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የሚሰበሰቡት ጡረተኞች መጠራጠር ጀመሩ።

«እናንተ፣ ሰሞኑን ማንም አልሞተም አይደል?»

«አዲስ ሐኪም መጥቷል ይላሉ።»

«ኧረ ተወኝ! ያ ጉንፋን የማያድን?»

ከንቲባው ግን አልተጠራጠሩም። የጤና ፖሊሲያቸው ፍሬ ማፍራቱን ለአካባቢው ሬዲዮ አስታወቁ። እርግጥ በእነዚያ ቀናት ሦስት ሰዎች ከፖሊሲው ጋር ሳይናበቡ ሞተው ነበር፤ የተቀበሩት ግን ቤተ ዘመዱና ቄሱ ብቻ ባሉበት ስለሆነ በአሐዙ ላይ ያመጡት ለውጥ የለም።

ቡድኑን የመሩት ዶክተር ኦግኒያን ክራስቴቭ የሚባሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እርሳሳቸውን በየሰዓቱ የሚቀርጹ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ለእኔ ብቻ አንድ ነገር ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ እናታቸው ሲታመሙ ሁለት ክረምት ያሳደገቻቸው አክስታቸው ኔቬና የምትኖረው እዚሁ ከተማ ነው። የገምጋሚዎች ሥነ ምግባር ደንብ ግን ግምገማው እስኪያልቅ ከነዋሪ ጋር መገናኘት ይከለክላል።

«ሥራዬን ከነገ ወዲያ ስጨርስ በቀጥታ ወደ እርሷ ነው የምሄደው» አሉኝ። «ቸኮሌት ይዤላታለሁ። መምጣቴንም አታውቅ፤ ድንገት ስታየኝ የምትለኝን መስማት አለብኝ።»

በአቋማቸው ጽናት ተደንቄ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት።

በሁለተኛው ቀን ወርክሾፑን ገመገሙ።

«ደንበኛችሁ ማነው?»

«ገበያው» አሉ ወይዘሮ ሮሲትሳ።

«ፍላጎቱስ?»

«እየጨመረ ነው፣ ዶክተር።»

«ከስንት ተነሥቶ?»

«ከዜሮ።»

«ከዜሮ የተነሣ ዕድገት በመቶኛ ሊሰላ አይችልም» አሉ ዶክተር ክራስቴቭ በአድናቆት። «ከመለኪያችን በላይ ነው ማለት ነው።»

በዚህ መካከል ከመስኮቱ በታች አንድ ቀብር አለፈ። ቄሱ ከፊት፣ አራት ሰው ከኋላ። ዶክተሩ እርሳሳቸውን እየቀረጹ ጥቂት ተመለከቱና «ጸጥ ያለች ከተማ፤ ለትምህርት ምቹ» ብለው ጻፉ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ውጤቱ ተነበበ፦ ከአርባ ሠላሳ አንድ። ወርክሾፑ ዳነ! ወይዘሮ ሮሲትሳ አለቀሱ። ከዚያ ምክረ ሐሳቦቹ ተነበቡ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ወርክሾፑ ከጸደቀው የሳሙና መለያ በስተቀር ምንም ዓይነት ሕትመት እንዳያወጣ፤ ያወጣ እንደሆነ ነጥቡ ተሽሮ እንዲዘጋ።»

«ሰው ሲሞትስ?» አሉ ማይስቶር ጻንኮ።

«በመመሪያው መሠረት» አሉ ዶክተር ክራስቴቭ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም አሳረፉ፤ ቸኮሌታቸውን ይዘው ወጡ።

ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ቸኮሌቱ እጃቸው ላይ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ማይስቶር ጻንኮ፣ ኢስክራና እኔ ነበርን።

«ትናንት ነው የቀበሯት» አሉ። «አራት ሰው ብቻ። ጎረቤቷን ‹ሰው ሁሉ የት ሄዶ ነው?› ብላት ‹ወረቀት አልተለጠፈ፣ ማን ይወቅ?› አለችኝ። በዚህ መስኮት ሥር ነው ያለፈችው። አይቻታለሁ እኮ።»

ምክረ ሐሳቦቹ እንዲህ ላለ ጊዜ የሚባለውን አላካተቱም።

«ወረቀቷን አትሙልኝ» አሉ። «ዛሬውኑ። ሰው ይወቅላት።»

«አልችልም፣ ዶክተር» አሉ ማይስቶር ጻንኮ።

«አልችልም ማለት ምን ማለት ነው? ማሽኑ ይኸው!»

«ማሽኑማ አለ። ምክረ ሐሳብ ቁጥር ሦስትም አለ። ካተምኩ ይዘጋል። እነዚህ ልጆች ይበተናሉ።»

«የትኛው ደደብ ነው ደግሞ እንዲህ…» አሉና አልጨረሱትም።

ማይስቶር ጻንኮ ፊርማቸው ያለበትን ወረቀት አላሳዩአቸውም። ጨዋ ሰው ናቸው።

«እሽረዋለሁ። አሁኑኑ እሽረዋለሁ!»

«የሚሻረው በይግባኝ ነው» አልኩ እኔ። «ስድሳ የሥራ ቀን ይፈጃል።» አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመው ያኔ ነው።

ኢስክራ ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ፣ ዶክተር። መለያ ማተም ተፈቅዷል አይደል? መለያ እናትማለን። ስም?»

ተቀመጡ።

«ኔቬና።»

«የተመረተችበት?»

«በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የካቲት ላይ።»

የአገልግሎት ማብቂያውን እርሷው ሞላችው።

«ይዘት? ምን ነበረባት?»

«ስድብ» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ትሰድበኝ ነበር። ሰነፍ፣ ጎተራ፣ አህያ። ጠዋት ስነሣ ግን ካልሲዬ ምድጃው ጫፍ ላይ ሞቆ ይጠብቀኛል። ኪሷ ደግሞ ሁልጊዜ ለውዝ አያጣም።»

ኢስክራ እየደገመች ጻፈች፦ «ይዘት፦ ስድብ፣ የሞቀ ካልሲ፣ ለውዝ። አጠቃቀም?»

ዶክተር ክራስቴቭ እጃቸው ላይ ያለውን ቸኮሌት ተመለከቱ።

«ሳይዘገዩ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሃምሳ ቅጂ ወጣ። ከላይ «የጽጌረዳ ሳሙና»፣ ከሥሩ የአንዲት ኮስታራ አሮጊት ፎቶ። ልጆቹ በየምሰሶው ለጠፉት። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ አንዱ ጡረተኛ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። በማግስቱ የኔቬና መቃብር ላይ ሻማ ማቆሚያ ቦታ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ለሕዝቡ ማስረዳት አላስፈለገም። ሰው የሞተበት ሁሉ ወርክሾፑ ድረስ እየመጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሳሙና ፈልጌ ነበር» ይል ጀመር።

ዓመት ሞላ። ኢስክራ ተመርቃ የማይስቶር ጻንኮ ረዳት ሆና ተቀጠረች፤ ከትምህርት ቤታችን ወጥቶ እዚሁ ከተማ ሥራ ያገኘ ተማሪ ከታየ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዶክተር ክራስቴቭ ከገምጋሚነት ለቀዋል ተብሎ በምትካቸው ሌላ ሰብሳቢ መጡ፤ ኮምፒውተር የያዙ ፈጣን ወይዘሮ። አሐዞቻችንን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«በአንድ ዓመት ሰማንያ ሦስት አዲስ የሳሙና ዓይነት? በዘጠኝ ሺህ ሕዝብ?»

«ትጋት ነው» አሉ ወይዘሮ ሮሲትሳ።

«ጥርና የካቲት ላይ ሽቅብ ይወጣል።»

«ብርድ ነው፤ ሰው ይታጠባል።»

«ደንበኛው በአርባ ቀኑ፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ ቀን ሳያዛንፍ ይመለሳል! እንዲህ ያለ ታማኝነት የትም አላየሁም። ከተጠቃሚዎች የመጣ ቅሬታስ?»

«ከተጠቃሚዎቹ?» አሉ ማይስቶር ጻንኮ። «አንድም።»

አርባ ከአርባ ሰጡን። ተሞክሯችን በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ መከሩ፤ ለቀጣዩ ዓመትም የሃያ በመቶ ዕድገት ግብ አስቀመጡልን። ወይዘሮ ሮሲትሳ በነጋታው መምህራኑን ሰብስበው ሰሌዳው ላይ በትልቁ «100» ብለው ጻፉ።

«ግቡ ይህ ነው። እዚህ ለመድረስ ከእያንዳንዳችሁ ተጨባጭ አስተዋጽኦ እጠብቃለሁ።»

ከኋላ ወንበር የሰባ አንድ ዓመቷ የጂኦግራፊ መምህርት ወይዘሮ ቫሲልካ ኡህ ኡህ ብለው ሳሉ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«ወዲያ ዙሩ!» አሉ። «እኔ እስከ ሰኔ ክፍለ ጊዜ አለኝ።»