ስልሳ ድንጋይ ለአንድ ሰላምታ

ሰው ወንፊቱን ያውሳል፣ መጥረቢያውን ያውሳል፣ ሲብስም ልጁን ለመላላኪያ ያውሳል። የባትሪ ድንጋይ ሲያውስ ግን ዓይኑም አብሮ ይሄዳል። በደርግ ጊዜ፣ እዚህ ሐዋሳ፣ ስልሳ ድንጋይ ተውሼ አይቼዋለሁ።

ባለቤቴ ሰሜን ዘምቶ ስድስት ወር ድምፁ ጠፋ። ከዚያ «እሑድ በዘጠኝ ሰዓት በሬዲዮ ሰላም እላችኋለሁ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ሬዲዮማ ነበረን። የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት ነው፤ ሣጥን ያህላል፣ ሆዱ ውስጥ እንደ አምፖል ያሉ ብርጭቆዎች ተደርድረውበታል። ባለቤቴ ሊዘምት ሰሞን የሬዲዮውን ጀርባ በቢላ ስፈታ ይዞኝ ተቆጥቷል። አሁን የጎደለው ጡብ የሚያህለው ባትሪው ነው። ባለሱቁን ብጠይቀው «እሱማ ከንጉሡ ጋር ቀረ» አለኝ። ከንጉሡ ጋር ያልቀረ ምን ነበር? በሰፈሩ ሌላ ሬዲዮ ያለው የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ነው፤ እሱ ቤት ደግሞ ሰላምታ ልስማ ብሎ የገባ ስብሰባ ሰምቶ ይወጣል።

የሞተው ባትሪ ላይ ዘጠና ቮልት ይላል። የእጅ ባትሪ ድንጋይ አንድ ተኩል ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ባቋርጥም ማካፈልን ይዤ ነው የወጣሁት፤ ስልሳ! ብርጭቆዎቹን ለማሞቅ ደግሞ አንድ ለብቻው።

«ልጄ፣ ሬዲዮ ነው ወይስ የድንጋይ ካብ?» አሉ አማቴ። ድንጋዩ የሚሰካበትን ቀርከሃ ግን የቆረጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ጎረቤት ሁሉ ከየእጅ ባትሪው አወጣልኝ፤ የደከመውን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ገጠር ቱላ ድረስ ዘመድ ዘንድ የላኩም ነበሩ። እትዬ ዘነበች «የእኔዎቹ አዲስ ናቸው፤ ከዚህ ኮተት ጋር እንዳይቀላቀሉብኝ!» ሲሉ ልብ አላልኩም።

እሑድ፣ እኔ ልጄን ሳጠባ ጎረቤቶቼ ድንጋዩን ቀርከሃው ውስጥ ደረደሩ። ሽቦውን አሰርኩ፣ ከፈትኩ። ጭጭ! ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ቤት ሙሉ ሰው ያየኛል። ድንጋዩን መልሼ ብዘረግፈው ምን አይ? እያንዳንዱ ባለንብረት ስሙን በወረቀት ጽፎ የድንጋዩ ቂጥ ላይ በሊጥ ለጥፏል! መሬቱም ቤቱም የሕዝብ ነው በተባለበት ዘመን ድንጋይ ባለቤት ነበረው። ኤሌክትሪክ በእትዬ ዘነበች ስም ላይ እንዴት ይለፍ?

ተሯሩጠን ስሙን ሁሉ ላጥን። መልሰን ስንደረድር ሽቦው ጣቴን ነዘረኝ፤ ነዝሮኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሬዲዮው አጉረመረመ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ የባለቤቴ ድምፅ! ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አባቱን ጠራ፣ ጎረቤቱን በየስሙ ጠራ፤ የተጠራው ሁሉ ብድግ እያለ ለሣጥኑ «እግዜር ያክብርህ!» ይላል። እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ተራዬን ጠበቅሁ።

«ባለቤቴን ደግሞ» አለ በመጨረሻ፣ «ደህና ነኝ በሏት። የአባባን ሬዲዮ ግን እንዳትነካካ!»

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ።

«አንተ፣ እሷ ባትነካካውማ ይሄን ቁጣህን ማን ሊሰማልህ ነበር?»