የጋሽ ተገኘ «አላውቅም»

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። ስለ ኢሚግሬሽን ጠይቁት፣ ያውቃል። ስለ ጉልበት ሕመም ጠይቁት፣ ያውቃል። መንገድ ከጠየቃችሁትማ አብሯችሁ ሄዶ አብሯችሁ ይጠፋል። የኦክላንዱ የኛ ሰው ጋሽ ተገኘ ይባላሉ። ስማቸው ተገኘ ይሁን እንጂ፣ እሳቸው ፈልገው ያገኙት ነገር ስለመኖሩ የሚመሰክር ሰው አላጋጠመኝም።

ከእሳቸው ጋር ያቆራኘኝ የወንድሜ መጥፋት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰርፀ እኔ ጋ ይኖር ነበር። ከሥራ ሲቀንሱት መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ መጠጣት ጀመረ፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አልጋውን አንጥፎ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሄዷል። ስልኩ አይሠራም። ፖሊሶቹ «ትልቅ ሰው ነው፣ በራሱ ፈቃድ ነው የሄደው» አሉኝ። እናታችን ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ሺፍት ላይ ነው» እላታለሁ። ወንድሜ በዚያ ዓመት በአሜሪካ ታሪክ ረጅሙን ሺፍት ሠርቷል።

አንድ ጠዋት ጋሽ ተገኘ ደወሉ።

«ፀዳለ፣ ልጄ፣ አይቼዋለሁ።»

«የት?»

«ፍሩትቬል፣ ባቡር ጣቢያው። ዓይኔ አይሳሳትም።»

ሥራዬን ጥዬ በረርኩ። ጋሽ ተገኘ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ከምሰሶ ጀርባ ቆመዋል። ሰው እንዳያየኝ ነው አሉ፤ ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን እሳቸውን ነበር የሚያየው። ወዳመለከቱኝ ሰው ሮጬ ትከሻውን ያዝኩት። ዞር ሲል ሰዒድ የሚባል የወሎ ልጅ ነው። ፊቴን አየና «እህቴ፣ እኔ ብሆንልሽ ደስ ባለኝ ነበር» አለኝ።

ጋሽ ተገኘ ቅንጣት አላፈሩም። «በጀርባው ግን እሱ ነው» አሉ።

ቀጥሎ ማውንቴን ቪው ሄድን። ክቡር መርማሪያችን ሰርፀ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ካፊቴሪያ ውስጥ ሳህን ሲሰበስብ ታይቷል ብለዋል። የመግቢያ ባጅ ስለሌለን በሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ጥበቃው መጥቶ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን። ጋሽ ተገኘ በእንግሊዝኛ «ኢንቬስቲጌሽን ላይ ነን» አሉት። ሌላ ጥበቃ ተጨመረ። የምንጠብቀው ሰውዬ ሲወጣም ኬንያዊ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ሰው በባቡር እዚሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ እስካለችው ዳብሊን ተከተልነው። ሰውዬው ጥርስ ሐኪም ቤት ገባ፤ ጋሽ ተገኘም ተከትለው ገቡ፤ ቀጠሮ ይዘው ወጡ።

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ ስመለስ ከውስጤ የሆነ ነገር ይቀንስ ነበር። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ላይ «ምን ሰማሽ?» የሚሉኝ ሰዎች እያደር ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ፍሪዌይ ድልድይ ሥር የተኛ ሰው ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ እሱ እንዳይሆን እፈራ ነበር። ኋላ ላይ፣ እሱ ሳይሆን ሲቀር ማልቀስ ጀመርኩ።

«ይብቃዎት፣ ጋሽ ተገኘ» አልኳቸው።

«ጡረተኛ ነኝ፤ ምን ሥራ አለኝ?» አሉ።

መከር ላይ ሳን ሆዜ ወሰዱኝ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ቤት ለሌላቸው ምሳ ያድላሉ። እኔ ለመውረድ አቅም አልነበረኝም፤ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ብቻቸውን ሄደው ቆዩ። ተመልሰው ገቡና ቀበቶ እንኳ ሳያስሩ ፊት ለፊት ያያሉ።

«እሱ ነው?»

«አላውቅም» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰርፀ ነው ሲሉ የከረሙ ሰው! ወዲያው ገባኝና በሩን ከፈትኩ። እጄን ያዙኝ።

«ፀዳለ፣ በእናትሽ። በዚህ መልኬ እንዳታየኝ ብሎ ለምኖኛል። አሁን ብትሄጂበት ነገ እዚህም አይገኝም።»

«ደህና ነው?»

«ቆሞ ይሄዳል» አሉ።

በሩን ዘጋሁ። እንዴት እንደዘጋሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተገኘ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ዘመድ ልጠይቅ» ብለው ሳን ሆዜ ይሄዳሉ። ሰዎች «ጋሽ ተገኘ፣ ያ ልጅስ?» እያሉ ሲቀልዱባቸው «አላገኘሁትም» ይላሉ። ሁሉን አዋቂ ለሆነ ሰው ይህን ቃል በሰው ፊት መናገር ምን ያህል እንደሚመር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ድሮ ስልካቸውን ሳይ አላነሳም ነበር፤ ዛሬ ገና ሲጠራ አነሳለሁ። እግዜር ያቆይልኝ።

እኔም ምንም አልጠይቅም። ቅዳሜ ምስር ወጥ እሠራለሁ፤ እሑድ «ለዘመድዎ» ብዬ ከወፍራም ካልሲ ጋር እሰጣቸዋለሁ። ለእናታችን አሁንም ሺፍት ላይ ነው።

ባለፈው እሑድ ማታ የምሳ ዕቃውን ታጥቦ መለሱልኝ።

«በላ?»

«በላ። ግን እንዳትቀየሚ፤ ጨው ያንሰዋል ብሏል።»

ሰርፀ ከልጅነቱ ጀምሮ የእኔን ወጥ ጨው አነሰው ሳይል በልቶ አያውቅም። ዕቃውን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ተገኘ አላዩኝም፤ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

«ካነሰው» አልኳቸው፣ «መጥቶ ራሱ ይጨምርበት በሉት።»