የጆንያው ጭራቅ፣ ክፍል ሦስት

ሁለተኛ ክፍል የሚባል ነገር ከመጀመሪያው በልጦ አያውቅም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ያንሳል። አራተኛው ላይ ሲደረስ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እያፈሩ የሠሩት ይመስላል። ይህን የምለው በግምት አይደለም። በግምት መናገር አልወድም።

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ የሚያሳይ አንድ ሻይ ቤት አለ። ባለፈው ዓርብ ያሳየን አስፈሪ ፊልም ነበር፤ አስፈሪነቱ የተጻፈው በካሴቱ ልባስ ላይ ነው። ጭራቁ ላስቲክ ነው። አንገቱ ሥር የላስቲኩ ጫፍ ተገልብጦ ይታያል፣ ሲሮጥ ጫማው ይታያል፣ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም የእጅ ሰዓት አስሮ ነበር። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ቤቱ ግን እስከ በሩ ድረስ ሞልቶ ነበር።

“ክፍል አራት ነው” አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ዘመዱ ከመንገድ እንደ ገባለት ሰው ፊቱ በርቶ። “በሦስተኛው እኮ አቃጥለውት ነበር!”

“ታዲያ እንዴት ተነሣ?” አልሁት።

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝና ወንበሩን ትንሽ አራቀ።

እናንተም “ይህ ምኑ ደስ ይላል?” ትሉ ይሆናል። የተማሩ ጓደኞቼ ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ለመፍረድ የምበቃ ሰው አይደለሁም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ የጭራቅ ትርኢት እስከ ሦስተኛ ክፍል የጻፍሁት እኔ ነኝና። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በገላባት በኩል ድንበሩን ወደ ሱዳን ተሻግረን፣ በሎሪ ተጭነን ገዳሪፍ አጠገብ ካለው ካምፕ ስንራገፍ፣ ዐሥረኛ ክፍል መድረሴ ታወቀና ሥራ ተሰጠኝ። ሥራዬ በየጧቱ ትልቁ የውሃ ታንከር ውስጥ የውሃ መድኃኒት መጨመር ነበር። በትንሽ ኩባያ እየሰፈርሁ፣ እየቈጠርሁ እጨምራለሁ። በመሐል ሰው “እንዴት አደርህ?” ካለኝ ቍጥሩ ይጠፋብኝና፣ የተሰፈረውን ወደ ዕቃው መልሼ ከአንድ እጀምራለሁ። ይህ ጠባዬ ከታወቀ ወዲያ የካምፑ ሰው ሁሉ ጨዋ ሆነ። ሰላም ሳይለኝ የሚያልፍ ጠፋ።

ችግሩ ግን ሌላ ነበር። የታንከሩ ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ሰው ደግሞ ከካምፑ በታች ያለውን ኾር፣ ማለትም ያንን ከብቱም ሰዉም የሚወርድበትን ድፍርስ ጅረት ይመርጣል፤ “የወንዝ ውሃ የወንዝ ውሃ ይላል” እያለ። ሆድ የሚያጣድፈው በሽታ ከዚያ እንደሚመጣ ብንናገር ማን ሊሰማን።

የጤናው ኃላፊ ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አማርኛውን ከእኛው ለምዶታል። አንድ ቀን ጠራኝና “መምከር ኻላስ፣ በቃ። አሁን አስፈራቸው። ትርኢት ጻፍ” አለኝ።

ጻፍሁ። ደብተሬን በማስመሪያ አስምሬ ጻፍሁ። በኾሩ ውስጥ ጭራቅ ይኖራል፤ ከኾሩ የጠጣውን ሁሉ ይበላል፤ በመጨረሻ አንዲት ብልህ ሴት የታንከሩን ውሃ ስታፈስበት ይሞታል። ሰው ይፈራል፣ ኾሩን ይተዋል፣ ታንከሩን ይጠጣል። ሦስት ጊዜ መርምሬው ስሕተት አላገኘሁበትም።

ጭራቁን ማን ይሁን? ሁሉም እምቢ አለ። በመጨረሻ የቀረው አያ ዘለቀ ነበር።

አያ ዘለቀ ረጅም፣ ከሲታ፣ ድሮ ሰሊጥ አጨዳ እየዞረ የኖረ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ጊዜ፣ መቃብር የሚቈፍር ጕልበት ያለው ጠፍቶ እሱ አካፋውን አነሣ። ከዚያ ወዲህ አካፋው ከእጁ አልወረደም። ሰውም ያንን አልረሳለትም። በድንኳኖቹ መካከል ሲያልፍ እናቶች የድንኳኑን በር ይገጥማሉ። ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ ያለው ብርጭቆውን ጨልጦ ይነሣል። እጁን የሚጨብጥ አልነበረም። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሩቅ ጎንበስ ብዬ ነበር ሰላም የምለው። ለጭራቅነት የመረጥሁት ለዚሁ ነው፤ ግማሽ ሥራዬን ሕዝቡ ራሱ ሠርቶልኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ልብሱ የራሽን ጆንያ ነው። ዓይኖቹ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን፣ ጭራው የድንኳን ገመድ። ጥርስ ከዘይት ቆርቆሮ ቈርጬ ነበር፤ ልምምድ ላይ ከንፈሩን ስለ ቧጨረው ጥርስ የሌለው ጭራቅ እንዲሆን ተስማማን።

የመጀመሪያው ክፍል የታየው ራሽን በተሰጠ ማግስት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከበሮ ተመታ፤ ጭራቁ ከቍጥቋጦው እያጓራ ወጣ፤ ሰውም ጸጥ አለ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ወዲያው አንድ ዓይኑ ወለቀ። ክዳኑ እየተንከባለለ ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች እግር ሥር ደረሰ። ጭራቁ ቆመ፤ አሰበ፤ ሄዶ ጎንበስ አለና “ይቅርታ፣ ዓይኔ ናት” ብሎ አነሣት።

በጽሑፌ ውስጥ ይህ የለም።

ብርነሽ የምትባል ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ልጅ ነበረች ብልህዋን ሴት ሆና የምትሠራው። ጭራቁ ክንዷን ያዘ፤ “እበላሻለሁ!” ማለት ነበረበት። ክንዷን ዳበስ ዳበስ አደረገና ወደ ሕዝቡ ዞረ። “ኧረ በማርያም፣ ይሄ ክንድ ነው ወይስ ማገዶ? ራሽን እስኪመጣ ልጠብቅሽ?”

ምን ልበላችሁ። ሕዝቡ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ያን ያህል ሰው አብሮ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ብርነሽም ጽሑፌን ትታ “አንተስ ምን አለህ? ጆንያው ባይኖር በነፋስ ትሄድ ነበር!” አለችው። ከዚያ የምትገድለው ሰዓት ደረሰ። አንድ ጀሪካን እንድታፈስበት ጽፌ ነበር፤ ተሰልፋ የቀዳችውን ውሃ ግን አልጨከነችበትም። ሩብ ኩባያ ጠብ አደረገችለት።

“በዚች ነው የምሞተው?” አለ ጭራቁ።

“ሙት ብያለሁ! ለሌላውም ያስፈልጋል!”

ሞተ። ጭራው ግን ከሞተ በኋላም ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

ኡስታዝ ኢድሪስ የትርኢቱን ውጤት የሚሞላበትን ቅጽ ይዞ መጣ። “ስንት ሰው ፈራ?” አለኝ። እኔ መዝግቤ ነበር። “አንድ አህያ” አልሁት።

የባሰው ደግሞ ማግስቱን ነው። ሰው ሁሉ “የጭራቄን ቤት እንይ” እያለ ወደ ኾሩ መጕረፍ ጀመረ። ከወረደ አይቀር ይጠጣል። እኔ ለማስፈራት የጻፍሁት፣ ለኾሩ እንግዳ ጠራለት። ኡስታዝ ሁለት ቀን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን አያ ዘለቀ ወደ ድንኳኔ መጣ። “ሁለተኛ ክፍል ጻፍልኝ” አለ።

“አያ ዘለቀ፣ ሞተሃል እኮ።”

“እሱማ ሞቻለሁ።” መሬት መሬቱን አየ። “ግን ከትናንት ወዲያ ወዲህ አራት ሰው ጨበጠኝ። እንዳንተ ቈጠርሁት። ሻይ ቤት ስገባ ‘ጭራቄ፣ ዛሬስ ማንን በላህ?’ ይሉኛል። አይነሡም። ይቺ ነገር ካለቀች፣ ተመልሼ ያው ባለ አካፋው ነኝ።”

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሞቷል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሕዝብ አይቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ተጨንቄ፣ ጭራቁ ሊነሣ የቻለባቸውን ሰባት ምክንያቶች በቍጥር አስቀመጥሁ። የሁለተኛው ክፍል ቀን ሕዝቡ ፊት ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ። “አንደኛ፣ የፈሰሰበት ውሃ ሩብ ኩባያ ብቻ ስለ ነበረ። ሁለተኛ፣ የጭራቅ ቈዳ ከሰው ቈዳ ስለሚወፍር። ሦስተኛ…”

ከፊት የተቀመጡት እማማ ውዴ፣ በእኛ የድንኳን ረድፍ በዕድሜ የሚበልጡት ሴትዮ፣ እጃቸውን አነሡ።

“ልጄ፣ እሱን ተወው። መጣ ወይስ አልመጣም?”

“መጣ” አልሁ።

“እንግዲያው ዞር በል፣ ከልለኸናል።”

ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ጆንያው ጎኑ ላይ ተተርትሯል፣ ቀልዱ ያው ነው፤ እንዲያውም “ክንድ ነው ወይስ ማገዶ” የሚለውን ሕዝቡ ራሱ ቀድሞ ጮኸው። ሳቁ ግን ጨመረ። ያኔ ተቈጣሁ፤ ቈይቶ ነው የገባኝ። እኛ ትክክለኛውን ፍርሃት አይተነው መጥተናል። እሱ ከበሮ አያስመታም፤ ስፌቱ አይታይም፤ ዓይኑ ወልቆ ይቅርታ አይልም። ይሄኛው ግን ከየትኛው ጆንያ እንደ ተሰፋ፣ መርፌውን ማን እንዳዋሰ እናውቃለን። ደግሞ ይሞትና ይመለሳል። እኛ ከቀበርናቸው ሁሉ አንድም የተመለሰልን የለም፤ ስለዚህ በሚመለሰው ላይ ማጣራት አላበዛንም።

“ስንት ሰው ፈራ?” አለ ኡስታዝ።

“ማንም። አህያዋም ለምዳለች።”

ኡስታዝ በረጅሙ ተነፈሰ። ክረምቱ ጠንክሮ ከመግባቱ በፊት ሰው ወደ ታንከሩ ካልተመለሰ ትርኢቱ ይዘጋል አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እንድሞክር ፈቀደ። ተቀምጬ አሰላሁ። ሰው የሚሄደው ጭራቁ ወዳለበት ከሆነ፣ ማዛወር ያለብኝ ሰውን ሳይሆን ጭራቁን ነው። በሦስተኛው ክፍል ጭራቁ የኾሩ ውሃ ሆዱን ያመዋል፤ እቃውን ጠቅልሎ ወደ ታንከሩ ይገባል።

የሦስተኛው ክፍል ቀን ጧት፣ ከታችኛው ረድፍ አንድ አዛውንት ዐረፉ። አያ ዘለቀ አካፋውን ይዞ ወጣ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ልተወው ብዬ አሰብሁ፤ ብተወው ኡስታዝ ይዘጋዋል። ላሳየው ብዬ አሰብሁ፤ ጧት በአካፋ ያዩትን ሰው ከሰዓት በጭራ ቢያዩት ማንኛውን ያያሉ? አንድ እናት ብቻ ከፊቱ ልጇን ብትሸሽግ፣ አያ ዘለቀ ያንን ጆንያ ዳግመኛ እንደማይለብሰው አውቃለሁ። ሳልወስን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ሰው ታንከሩን ከብቦ ተቀመጠ። ብዙዎቹ ከቀብር መመለሳቸው ነው። ከበሮው ተመታ። ጭራቁ የለም። እንደገና ተመታ። እኔ ከታንከሩ ጀርባ ቆሜ መቍጠር ጀመርሁ። አራት መቶ ደረስሁ። ሰላም ብሎ ቍጥሬን የሚያጠፋልኝ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም።

ከዚያ በድንኳኖቹ መካከል ብቅ አለ። ጆንያውን ለብሷል፣ ጕልበቱ ላይ ግን የመቃብሩ አፈር አለ። አላጓራም። ማንም አልሳቀም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እሱም አያት፤ ቆመ። ጆንያው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። አንድ እግሩን ወደ ኋላ መለሰ።

“አንተ!” አሉ እማማ ውዴ። “ጭራህ የት አለ?”

ጭራቁ እጁን ወደ ኋላው ሰደደ። ዳበሰ። ዞሮ ሊያይ ሞከረ፤ ኋላው አብሮት ዞረ።

“ረስቼው መጣሁ” አለ፣ በገዛ ድምፁ።

“ሂድና አምጣ! ያለ ጭራ አንቀበልም። ስንት ቀን የጠበቅንህ ነን!”

ሮጠ። ያ ረጅም ሰው ጆንያውን በሁለት እጁ ሰብስቦ እንደ ሙሽራ ሲሮጥ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘችው ሴት ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ከዚያ ሌላው። ጭራውን በእጁ እያውለበለበ ሲመለስ ቁጭ ያለ ሰው አልነበረም።

የታንከሩን ውሃ በኩባያ ተቀበለ። “ይጣፍጣል!” እንዲል ጽፌለት ነበር። እስከ መጨረሻው ጨለጠና ፊቱን አጨማደደ። “ይሸታል” አለ። “ይሸታል፤ ሆዴ ግን ዝም አለልኝ።” ብርነሽ ኩባያዋን ዘረጋች። ጭራቁ ቧንቧውን ከፈተላት። ከኋላዋ ሰልፍ ተያዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቧንቧውን የሚከፍተው እሱ ሆነ፤ አካፋ ሊይዝ የሚሄድ ዕለት ጭራውን ፈትቶ ቧንቧው ላይ ይሰቅለዋል፣ ሲመለስ መልሶ ይታጠቀዋል። እኔም መድኃኒቱን ስቈጥር፣ ቍጥሬን የሚያጠፋብኝ የመጀመሪያው ሰላምታ ከእሱ ነው።

ያን ቀን ማምሻውን ኡስታዝ ኢድሪስ ቅጹን ይዞ መጣ። ሰልፉን እያየ እንኳ ልማዱን አልተወም።

“ስንት ሰው ፈራ?”

ቅጹን ተቀብዬ፣ በቦታው ላይ “አንድ” ብዬ በጥንቃቄ ጻፍሁለት።

ኡስታዝ ደስ አለው። “በመጨረሻ! ማን ነው?”

“ደራሲው” አልሁት።