ባሕር ዳርን በእግር ላስጎበኝ ብዬ

ሰው በሰው አገር ሲሄድ አንገቱ ይረዝማል። ጣሪያ ያያል፣ በር ያያል፣ የግድግዳ ስንጥቅ ሳይቀር ቆሞ ያደንቃል። በገዛ ከተማው ግን ባጃጅ እንዳይገጨው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እርስዎስ፣ ደጃፍዎ ላይ ያለውን ዛፍ ስሙን ያውቁታል? አይጨነቁ፤ እኔም አላውቅም።

ይህ የገባኝ ሃንጋሪ ሄጄ ነው። የማስተምርበት ኮሌጅ ለአጭር ሥልጠና ልኮኝ በአንዲት ትንሽ ጥንታዊ ከተማ ሰነበትሁ። በዕረፍታችን ቀን አንዲት ሽበታም አስጎብኚ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እየመራች መሐል ከተማውን በእግር አዞረችን። አቤት ጨዋታዋ! "በዚህች መስኮት ዳቦ ጋጋሪው ከጎረቤቱ ጋር ሲሰዳደብ ይውል ነበር" ስትለን፣ ሰዳቢው ብቅ የሚል ይመስል ሁላችንም አንጋጠጥን። በጠባቡ ቅስት ሥር አልፈን አደባባዩ ላይ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ ልቤ እንደ ልጅ ዘለለች። ከተማ እንዲህ ነው እንዴ የሚታየው? የእኛይቱ ባሕር ዳርስ ምን ጎደላት?

ተመልሼ ሻንጣዬን ሳልፈታ ለባለቤቴ ለብርቱካን፣ "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ ከተማውን አስጎበኛለሁ" አልኋት።

"የሚኖሩበትን?"

"አዎ፣ የሚኖሩበትን!"

አንድ ችግር ብቻ ነበር። አብረውን የሚኖሩት አማቴ መሪጌታ ላቀውና የአጥር ጎረቤታችን አቶ ሰይፉ አይነጋገሩም። መሪጌታ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ከጣና ማዶ የደልጊ ሰው ናቸው፤ አቶ ሰይፉ ከደሴ መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። የአቶ ሰይፉ ማንጎ ቅርንጫፉን ወደ እኛ ግቢ ዘረጋና መሪጌታ ቆረጡት፤ ሰላምታውም አብሮ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ብርቱካን ከቅዳሴ መልስ አንዱን በፊት በር፣ ሌላውን በጓሮ ስታስገባ ትደክማለች። ለዕርቅ የላክናቸው ሽማግሌዎችም ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ።

እሑድ ሁለቱም መጡ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከጊዮርጊስ ደጅ ተነሥተን፣ በዘንባባው ጥላ ሥር ወደ ጣና ወረድን። ነፋሱ ደስ ሲል! ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ስንደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "የድሮው የታንኳ ማረፊያ እዚህ ነበር ይባላል" አልሁ።

"ምን ይባላል ትላለህ፣ ነበር እንጂ!" አሉ መሪጌታ። "ለትምህርት ስመጣ ከዚሁ ዋርካ ሥር ነው የወረድሁት።"

"ማረፊያውስ እዚያ ድንጋዮቹ ዘንድ ነበር" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አቶ ሰይፉ! ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

"ማነው እሱ?" አሉ መሪጌታ ሳይዞሩ።

"እኔ ነኝ! ከሥራ ስንወጣ እጃችንን ከቀለም የምንታጠበው እዚያ ነበር። ታንኳ እንጨት ሲያራግፍ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እርስዎ ያዩት ዓሣ አጥማጅ ነው!"

"ዓሣና እንጨት የማልለይ መሰልኩዎት?"

መሪጌታ ዞሩ። ልገላግል ስራመድ ብርቱካን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ተው! ሲነጋገሩ አታይም?"

እውነቷን ነው። ስንት ሽማግሌ ያቃተውን አንድ ዋርካ ሠራው። "ይምጡ ላሳይዎት!" ብለው አቶ ሰይፉ ወደ ድንጋዮቹ ቀደሙ፤ መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሉ። ድንጋዩ አዳልጧቸው ሲንገዳገዱ አቶ ሰይፉ እጃቸውን ያዙ። መሪጌታም እጃቸውን ሳያስለቅቁ፣ "ቢሆንም ተሳስተዋል" አሏቸው።

የእኔ ጉብኝት እዚያው ላይ አበቃ። የእነሱ ግን አላበቃም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ጎን ለጎን እየተከራከሩ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ በፊት በር አብረው ይገባሉ። አንዳቸውም አልተረቱም።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ፣ ማረፊያው የት እንደነበር ቁርጡን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ደልጊ አሉ ብሎ ነገረኝ። በደስታ ለብርቱካን ሮጬ ብነግራት፣ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

"በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ" አለች፣ "እኒያን ሰው እዚህ እንዳታመጣ!"