ዳማን ያዳነ ጠርሙስ

(ወረታ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ሾላ ሥር። ቅዳሴ ሊወጣ ተቃርቧል። የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ፈረስ ቦራ ከሾላው ታስሮ በጭራው ዝንብ ይከላከላል፤ ሆዱና ጀርባው ግን ከተላጠ ቆይቷል። መሪጌታ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ እግራቸው ይህ ፈረስ ነው፤ ቦራ ካልዳነ በሐሙሲት መንገድ ካለው ሁለተኛ ደብራቸው ለገና ማኅሌት አይደርሱም።

ፈረሱ አጠገብ ሁለት ሰዎች አንድ ጠርሙስ ይናጠቃሉ። ደሳለው የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ስልኩ የነገረውን ሁሉ ለአገሩ የሚነግር ሰው ነው። ሌላው እንግዳው የሚባል ጎረቤቱ ነው፤ ዳማ የሚባለውን የደሳለውን ፈረስ በጋሪ ጠምዶ የሚነዳው እሱ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚናገር፣ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስለዋል።)

ደሳለው: ጠርሙሱን ልቀቀው አልሁህ!

እንግዳው: ክዳኑ ላልቷል። ይደፋል።

ደሳለው: ቢደፋስ? መድኃኒት አይደል እንዴ? ሊፈስ ነው የተሠራ።

እንግዳው: በጾም?

ደሳለው: ጾምን ከፈረስ ምን አገናኘው? ዳማ ይጾማል?

እንግዳው: ዳማስ አይጾምም። (መሬት መሬት አየ።) ዘይት ስለሆነ ነው።

ደሳለው: ያውም የኑግ ዘይት! የኑግ ዘይቱ ቆዳ ያለሰልሳል። ነጭ ሽንኩርቱ ዝንብ ያባርራል። ጤና አዳሙ ትንኝ ያሰክራል። ሚጥሚጣው ደግሞ መዥገርን ከነቤተሰቡ ያስነቅለዋል። ተፈጥሯዊ ይሉሃል ይሄ ነው፤ አንዲት ጠብታ ኬሚካል የለበትም።

እንግዳው: ጨው ግን ያንሰዋል።

ደሳለው: ጨው? ፈረስ ልቀባ ነው ወጥ ልሠራ?

እንግዳው: (ደንግጦ) እንዲያው ነው ያልሁ።

ደሳለው: አንተ መቼም እንዲያው ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ዳማ በጥቅምት ምን ይመስል ነበር?

እንግዳው: የተላጠ ድንች።

ደሳለው: ዛሬስ?

እንግዳው: መስታወት። ቆዳው ላይ ፊትህን ታይበታለህ።

ደሳለው: ታዲያ ማን አዳነው?

(እንግዳው አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ነካ። በዚህ ማተብ ለንግሥቲ፣ ለደሳለው ሚስት፣ አንድ ነገር ምሎላታል፤ ከማለላት ጀምሮ ማተቡ አንገቱን ያሳክከዋል።)

እንግዳው: እግዚአብሔር።

ደሳለው: ከእግዚአብሔር ቀጥሎስ?

እንግዳው: እሱ ነው የከበደኝ።

ደሳለው: ምኑ ይከብዳል? እኔ ነኛ! ማታ ማታ እወቅጣለሁ፣ እበጠብጣለሁ፣ ጠርሙሱን ሞልቼ መደብ ላይ አስቀምጣለሁ። ጠዋት እኔ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፣ ንግሥቲ ዳማን ትቀባዋለች። ይኸው ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አላስተረፈችም፤ ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። እንዲህ ያለች ታዛዥ ሚስት በፎገራ ሁሉ ብትፈልግ ታገኛለህ?

እንግዳው: ጠርሙሱስ እውነት ነው፣ ባዶ ነው።

ደሳለው: እሷ ራሷም ተለውጣለች። የዘንድሮ የጾም ሽሮዋ! አንተ ሰው፣ ምላሴን አብሬ ልውጠው ምንም አልቀረኝ። ፈረሱ ሲያምርላት እጇም አብሮ አማረ መሰለኝ።

(እንግዳውን ሳል ያዘው። ሳሉ ቶሎ አልለቀቀውም።)

ደሳለው: ይማርህ። ደግሞ ለሰውም ይሠራል። እኔ ሳዘጋጀው እጄን ስለነካኝ ብቻ፣ ዝንብ የምትባል አጠገቤ አትደርስም። ሰዉም ቢሆን ያከብረኛል፤ ባጃጅ ስገባ ሁሉም ተጠጋግቶ ቦታ ይለቅልኛል።

እንግዳው: ትናንት ባለባጃጁ የኋላውን መጋረጃ ሲገልጠው አይቻለሁ።

ደሳለው: እሱም አክብሮት ነው።

(ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ከፍ አለ። ሊያልቅ ነው። እንግዳው ቦራን አየው፤ የተላጠው ቦታ እርጥብ ነው፣ ደም ያቀረረ ቁስል ነው።)

እንግዳው: ደሳለው፣ ቦራን ጭቃ ብናስነካውስ?

ደሳለው: መጣ ደግሞ! ዳማ ከሩዝ ማሳው ዳር ጭቃ ላይ ሲንከባለል፣ አንተም ቆመህ ስትስቅ ያገኘሁህ ለት ምን አልሁህ?

እንግዳው: «ፈረስ እንጂ ግድግዳ አይደለም፣ አትምረገው» አልኸኝ።

ደሳለው: ከዚያ ወዲያስ?

እንግዳው: ከዚያ ወዲያ አንተ ፊት አንድም ቀን አላስነካሁት።

ደሳለው: ጎሽ! መታዘዝ ማለት እንዲህ ነው።

እንግዳው: ጭቃው ሲደርቅ ግን ዝንብ ቆዳውን አታገኘውም። በሩዝ ገለባ ስታሸው መዥገሩም የሞተው ጠጉርም አብሮ ይረግፋል። ወደ ማታ በረቱ ደጃፍ ኩበት ታጨስለታለህ። ቁስል ካለበት ቁስሉን ከጭቃ ትጠብቅና እሬት ትቀባዋለህ።

ደሳለው: ስልክ ላይ አይተኸው ነው?

እንግዳው: ስልክ የለኝም።

ደሳለው: ታዲያ ማን ነገረህ?

እንግዳው: ዳማ። ራሱ ሄዶ ተኛበት።

ደሳለው: (እየሳቀ) ፈረስ ምን ያውቃል?

እንግዳው: ስለ ፈረስ?

(ደሳለው እጅጌውን ሰበሰበ። ቅዳሴ ወጣ። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ በበሩ መፍሰስ ጀመረ። መሪጌታ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ መስቀል የሚሳለመው ሰው ግን ቄሶቹን ከቦ መንገዱን ስለዘጋባቸው ቆሙ።)

ደሳለው: ይኸው የኔታ መጡ። ሳይደርሱ ልቀባውና በዓይናቸው ይዩት።

እንግዳው: (ከቦራና ከደሳለው መካከል ገብቶ) ቁስል ላይ ሚጥሚጣ?

ደሳለው: ዳማ ችሎት የለም?

እንግዳው: ዳማ... ዳማ ሌላ ነው።

ደሳለው: ምኑ ነው ሌላ? ቆዳ ቆዳ ነው። ዞር በል!

እንግዳው: አልዞርም። አቃጥሎት ገመዱን በጥሶ ቢሄድስ? የኔታ በምን እግራቸው ለገና ይደርሳሉ? እኒያ ሰውዬ እኔን ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሀ» ላይ ቆሜ አንድ ቀን አልተቆጡኝም። ፈረሳቸውን አላስጮህባቸውም!

(ደሳለውን ገረመው። እንግዳው በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ራሱን እንግዳውንም ገርሞታል፤ ማተቡን እያሻሸ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ በራ።)

እንግዳው: እሺ። ቀባው።

ደሳለው: እህ! ይኸውልህ!

እንግዳው: ግን ቅመሰው መጀመሪያ።

ደሳለው: ምን?

እንግዳው: ጠላ የሚቀዳ እንኳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ ቀምሶ ነው ለሰው የሚሰጥ። ለየኔታ ፈረስ ያልቀመስኸውን ልትሰጥ ነው? ሰው ምን ይልሃል? ቅዳሴው እንደሆነ ወጥቷል።

ደሳለው: ባለሙያ መድኃኒቱን አይፈራም! እየኝ።

(መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ። ላሰው። ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ከፈተ። ደግሞ ላሰው።)

ደሳለው: ይሄን ጣዕም አውቀዋለሁ።

እንግዳው: ታውቀዋለህ።

ደሳለው: ሽሮው ብቻ ነው የጎደለው።

እንግዳው: ጨውም።

(ቦራ እንኳ ጭራውን ማወዛወዝ ተወ።)

ደሳለው: እንግዳው።

እንግዳው: አቤት።

ደሳለው: ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ?

እንግዳው: እኔ አልነገርሁህም። «በአፌ አልነግረውም» ብዬ በማተቤ ምያለሁ። ቀመስህ እንጂ አልነገርሁህም።

ደሳለው: ይቺ ሴት!

እንግዳው: አትፍረድባት። «ሰው በጾም ዘይት አምሮት እያለ ፈረስ ሊታሽበት ነው? ግፍ ነው!» አለች። ማፍሰሱም አንጀቷ አልቻለም። ይህን ያህል የደከምህበት ነገር ከቤት እንዳይወጣ ብላ ላንተው ሠራችው።

ደሳለው: ዳማስ ታዲያ በምን ዳነ?

እንግዳው: በጭቃ፣ በገለባ፣ በኩበት ጭስ። አንተ መፈልፈያ ቤት ስትሆን።

ደሳለው: (ድምፁ ቀጥኖ) እኔ አጠገብስ ዝንብ የማትደርሰው?

እንግዳው: እሱስ መድኃኒቱ ነው። አንተ ላይ በደንብ ሠርቷል።

ደሳለው: (ወደ በሩ እያየ) መንገዱ ተከፈተላቸው፣ መጡ! ምን ልበላቸው? እንዳንተ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ አንተን ማንም ምንም አይጠይቅህም።

እንግዳው: እውነቱን በላቸው።

(ደሳለው ጉሮሮውን ጠረገ። ነጠላውን አስተካከለ። ከዚያ አገር በሚሰማው ድምፁ ተጣራ።)

ደሳለው: የኔታ! እንኳን በሰላም ወጡ! ጥናታችንን ጨርሰናል! ለቦራ የሚሆነው ጭቃ ነው፣ የሩዝ ማሳ ጭቃ! ቁስሉን እሬት! ተፈጥሯዊ ነው የኔታ! ከዛሬ ጀምሮ እንግዳው ይይዝልዎታል፤ እኔ... እኔ አሠለጠንሁት!

(መሪጌታ ከሩቅ ሁለቱንም መረቁ። እንግዳው ቦራን ከሾላው ፈታ፣ ግንባሩን አሻሸው፣ ወደ ማሳው መንገድ አዞረው። ልቡ ሞልቷል፤ መሪጌታ ለገና ሊደርሱ ነው። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ግን ተመልሶ እጁን ዘረጋ።)

እንግዳው: ጠርሙሱን ስጠኝ።

ደሳለው: ደግሞ ምን ልታደርገው?

እንግዳው: ንግሥቲ «ሳይደፋ መልስልኝ» ብላ አደራ ብላኛለች። ድስቱን ጥዳለች።